ዘጠኝ ጥጃ፣ የሦስት ጥጃ ድርቆሽ

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ከአባቴ የተረከብኩትን የከብት እርባታ መምራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። 11 ድቅል ላሞች አሉኝ። ሦስት ያደጉ ጊደሮችም አሉ፤ አንዷ የአምስት ወር እርጉዝ ናት። ከሰኔ ወዲህ ደግሞ ዘጠኝ ጥጃ ተወልዶልኛል፤ አምስት ሴት፣ አራት ወንድ። አንዷ ላም የወለደችው መንታ ነው፤ ሴትና ወንድ። የአንዷ ሴት ጥጃ እናት ደግሞ አራት ጊዜ ተዳቅላ ነው የያዘችው፤ አንድ ጡቷም በበሽታ ደርቋል። ከወንዶቹ ሁለቱ አምስት ወር ሞልቷቸዋል፤ ሁለቱ ገና የሁለት ሳምንት እንቦሳ ናቸው። ደላላ ለትንንሾቹ 6,000፣ ለትልልቆቹ 17,000 ብር እያንዳንዳቸው ጠርቶልኛል። ወተት በሊትር 65 ብር አስረክባለሁ። ድርቆሽ 1,800 እስር ከምሬያለሁ። አባቴ ‹ጊደር አይሸጥም› ይላሉ። በገንዘብ የምታግዘኝ እህቴ ያለችው ቨርጂኒያ ነው፤ በደወለች ቁጥር ‹ስንት ደረሱ?› ትለኛለች። ባለቤቴ ወንዶቹን ለፋሲካ እናቆያቸው ባይ ናት። የሰባት ዓመት ልጄ ለአንዱ እንቦሳ ‹ቡሬ› ብላ ስም አውጥታለታለች፤ እሱን ከሸጥክ አላናግርህም ብላኛለች። የቱን ልሽጥ? የቱን ላስቀር? መቼ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጥጆቹ ብዙ ነግረኸኛል፤ እናታቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የአንዱን ስም ሳይቀር። ስለ ድርቆሹ ግን የጻፍከው አንድ መስመር ናት። እኔ የምጀምረው ከሷ ነው። አብዛኞቻችን መጀመሪያ ጥጃውን እናያለን። ከዚያ ዋጋ እንጠይቃለን። መኖ ትዝ የሚለን ሰኔ ላይ ክምሩ ሲያልቅ ነው።

እርሳስና ወረቀት አምጣ።

አንዱ እስር ስንት ኪሎ ነው? መዝነህ ታውቃለህ? ለጊዜው 15 ኪሎ ነው እንበል። 1,800 እስር 27,000 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከላይ ዝናብ የሚያበላሸው፣ ከታች እርጥበት የሚያሻግተው፣ ከብቱ እግሩ ሥር የሚረግጠው አለ። ለሱ አንድ አሥረኛውን ቀንስ። 24,300 ኪሎ ይቀርሃል።

አሁን ኅዳር አጋማሽ ነው። አዲስ ሣር በቅሎ ከብት የሚጠግበው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው ብለን እንያዝ። ስምንት ወር፣ 240 ቀን። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። 12 ኪሎ ማለት ነው። አምስቱን ኪሎ ከፉርሽካ፣ ከፋጉሎና ከቢራ አተላ ታገኛለች እንበል። ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ አተላው ለእናንተ ቅርብ ነው፤ ካልተጠቀምክበት ራስህን ውቀስ። የቀረው ሰባት ኪሎ ድርቆሽ ነው። 11 ላም፣ በቀን 7 ኪሎ፣ 240 ቀን፦ 18,480 ኪሎ። የተረፈህ 5,820 ነው። ሦስቱ ጊደሮች በቀን አምስት አምስት ኪሎ ቢበሉ 3,600 ይወስዳሉ። 2,220 ኪሎ ቀረ። አንድ ጥጃ እያደገ ሲሄድ የሚበላው ይጨምራል፤ አማካዩን በቀን 3 ኪሎ ያዝለት። እስከ ሐምሌ 720 ኪሎ ይፈጃል። 2,220ን ለ720 አካፍለው።

ሦስት።

በረትህ ውስጥ ዘጠኝ ጥጃ አለ። ክምርህ ውስጥ ያለው የሦስት ጥጃ ድርቆሽ ነው። የደብዳቤህ መልስ ግማሹ እዚህ አለቀ። ሌላው ሁሉ የትኞቹ ሦስት የሚለው ነው።

ይሄ ሒሳብ በእስሩ ክብደት ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ነገ ጠዋት አምስት እስር ከተለያየ ቦታ አውጥተህ መዝን። 12 ኪሎ ከሆነ ያለህ ድርቆሽ ላሞቹን አጥግቦ ለጊደሮቹ እንኳ አይበቃም። ቅጥ ባለው ሰው የታሰረና በችኮላ የታሰረ ድርቆሽ ዋጋው አንድ ሆኖ ክብደቱ በጣም ይለያያል። ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ የምታገኘው ቃርሚያና የጤፍ ጭድ ካለ እሱ ትርፍህ ነው። ከሒሳቡ ግን አታስገባው። ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅህ ልንገርህ። ሱሉልታ ከብት በማረባበት ጊዜ አንድ ዓመት ሰባት ሴት ጥጃ ተወለደልኝ። ደስታዬን አልችለውም። ለሁሉም ስም አወጣሁ። አንዷንም ሳልሸጥ ከረምኩ። ግንቦት ላይ ክምሩ ጎደለ። ሰኔ ላይ ድርቆሽ ፍለጋ ስወጣ አካባቢው ሁሉ እንደኔ ነው። ኅዳር ላይ ከገዛሁበት እጥፍ ከፍዬ ገዛሁ። ለላሞቹ ቀነስኩባቸው፤ ወተቱ ወረደ። ሐምሌ መግቢያ ላይ የጎን አጥንታቸው የሚቆጠር ሁለት ጊደሮች ገበያ አወጣሁ። ገዢው ዞር ዞር ብሎ አይቷቸው «እነዚህን ለማን አስበህ ነው ያመጣሃቸው?» አለኝ። በስንት እንደሸጥኳቸው ለባለቤቴ እስከዛሬ አልነገርኳትም።

አንድ ነገር ልብ በል። አምስት ጊደር በግማሽ ሆድ ማሳደግ ማለት አምስት ላም ማግኘት ማለት አይደለም። ደህና የበላች ድቅል ጊደር በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ትወልዳለች። የተራበችው ሦስት ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወስዳለች። ያን ሁሉ ጊዜ ትበላለች እንጂ አንድ ሊትር አትሰጥህም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» የሚሉት የሷን ዓይነቷን ነው። ደግሞም ከ11 ላሞች በዓመት በእርጅና፣ በመምከን ወይም በጡት በሽታ የሚወጡት ሁለት ቢሆኑ ነው። ሁለት ተተኪ ይበቃሃል። አንዷ ብትታመም ወይም ሳይሆንላት ቢቀር ብለህ ሦስተኛ ትጨምራለህ። ከክምርህ የወጣው ቁጥርም ሦስት ነው። እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል።

አሁን ወደ ሴቶቹ።

መንታዋን አስቀድመህ ከዝርዝሩ አውጣት። ይሄን ነገር ብዙ አርቢ አያውቀውም። ከወንድ ጋር በአንድ ማኅፀን ያደገች ሴት ጥጃ ከ10 9ኙ ጊዜ መካን ናት። እናታቸው ሆድ ውስጥ ሳሉ ደማቸው ይገናኛል። የወንዱ ሆርሞን ወደሷ ይሻገርና የመራቢያ አካሏ በወጉ ሳያድግ ይቀራል። ስታያት ምንም አይጎድላትም። እንደውም ከሌሎቹ ትፋፋለች። ወንድሟ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። እርግጡን ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም ጥራ፤ መርምሮ ይነግርሃል።

ይሄን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ ጊዜ ቁመናዋ የሚያምር የዓመት ጊደር ገዛሁ። ሻጩ መንታ መሆኗን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዓመት ተኩል ቀለብኳት። ኮርማ የማትፈልግ ጊደር ሆነች። አዳቃዩ ቴክኒሽያን እየተመላለሰ ሲያያት ቆይቶ በመጨረሻ «መንታ አልነበረችም?» አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። መጨረሻዋ ሥጋ ቤት ሆነ። የመሲና ሥጋ ወዳጅ ስለማያጣ ሙሉ በሙሉ አልከሰርኩም። ያንተዋንም ለድለባ ለሚፈልግ ሰው ሽጣት። መንታ መሆኗን ንገረው። ለእርባታ ብሎ ለሚገዛ ሰው ግን አትስጣት፤ ደብረ ብርሃን ትንሽ አገር ናት፣ ነገ ገበያ ላይ ትገናኛላችሁ።

ሁለተኛዋ የምትወጣው አራት ጊዜ ተዳቅላ የያዘችው ላም ልጅ ናት። ልጅ የግድ እናቷን አትሆንም፤ አውቃለሁ። እናትየዋ ያልያዘችው በቴክኒሽያኑ መዘግየት ወይም በመኖ ማነስ ሊሆን ይችላል። ግን ከአራት ሦስት መምረጥ ካለብህ ሌላ ምን ይዘህ ትመርጣለህ? በመልክ? ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ብቻ ጥጃ የሚያስቀር ሰው አይቻለሁ። አንተ የእናቶቹን ወተት የመዘገብክበት ደብተር ካለህ እሱን ክፈት። ከሌለህ ዛሬ ጀምር። ማን ስንት ሊትር ሰጠች፣ መቼ ተዳቀለች፣ በየትኛው ኮርማ ዘር፣ መቼ ወለደች። አራት ዓምድ ይበቃል።

ሦስቱ ቀሪዎች ይቆዩ። በየወሩ ደረታቸውን በሜትር ለካቸው። የላሞችህ ክብደት 450 ኪሎ ከሆነ ጊደሯ 270 ኪሎ አካባቢ ሳትደርስ እንዳትዳቀል። ዕድሜዋን ቆጥረህ ሳይሆን ክብደቷን አይተህ። ቶሎ ትውለድልኝ ብሎ መቸኮል ምጥ ላይ እናትም ልጅም ያሳጣል።

ወንዶቹ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ባለቤትህ ለፋሲካ እናቆያቸው ማለቷ ከልምድ ነው። ፋሲካ ላይ ከብት ይወደዳል፤ እውነት ነው። ግን የትኛው ከብት? ሰንጋ ነው። የሰፈር ሰው ለቅርጫ የሚፈልገው ሥጋ የያዘ በሬ ነው። የአሥር ወር ጥጃ ለቅርጫ የሚገዛ አይተሃል? ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዓረፋ አለ። እነዚህ ሁሉ የሰንጋና የኮርማ ገበያዎች ናቸው። ጥጃ የሚገዛው አርቢ ነው። አርቢ ደግሞ የሚገዛው በዓል ስለደረሰ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚያበላው ስላለው ነው። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ አሁን ነው፤ ምርት እየገባ፣ ገለባው እየተከመረ፣ ገበሬው እጁ ላይ ትንሽ ብር ሲይዝ። ሁለቱን የአምስት ወር ወይፈኖች ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ሽጣቸው። ሚያዝያ ላይ የመኖ እጥረቱ ሲጀምር ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ይጠፋል።

«ይሄን ሁሉ ወተት ያጠጣሁትን እንዴት በ17,000?» እንዳትለኝ። የጠጣው ወተት አይመለስም። አሁን የምትጠይቀው ከዛሬ ጀምሮ የሚበላው ድርቆሽ ከሚጨምረው ዋጋ ይበልጣል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ባንተ ክምር ላይ ይበልጣል። ድርቆሽ ተርፎህ ቢሆን ኖሮ ሌላ እመክርህ ነበር፤ ወይፈኑን ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት አሳድገህ የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ወራት በደንብ አድልበህ በፋሲካ ታወጣው ነበር። የሐረርጌ ገበሬ በዚህ የታወቀ ነው፤ በሬውን አርሶበት፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ እየመገበ አወፍሮ ይሸጠዋል። አዳማና ሞጆ ዙሪያ ያሉት ትልልቅ አድላቢዎች ደግሞ የቦረና ወይፈን ገዝተው ጥቂት ወራት ቀልበው ወደ ውጭ ይልካሉ። ሁለቱም መኖአቸውን ያውቃሉ። አንተ የወተት ሰው ነህ። ድርቆሽህ ላም ሆድ ሲገባ በማግስቱ ብር ይሆናል፤ ወይፈን ሆድ ሲገባ ግን ሁለት ዓመት ያስጠብቅሃል።

ከወንዶቹ አንዱን ለኮርማነት ላስቀር ብለህም እንዳታስብ። ነገ እህቶቹ ላይ ይወጣል። ዘሩን በሰው ሠራሽ ማዳቀል አምጥተህ፣ ከዚያ ወንድምና እህት ማዳቀል ምን ይሉታል?

ሁለቱ እንቦሶች ነገራቸው ይለያል። እዚህ ጋ «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የሚባለው ይመጣል። እንቦሳው ጡት እስኪተው 60 ቀን በቀን 4 ሊትር ቢጠጣ 240 ሊትር ነው። በ65 ብር 15,600 ብር። አምስት ወር ሲሞላው 17,000 ይሸጣል ካልን፣ ዛሬ ከሚሰጥህ 6,000 የሚበልጠው በ11,000 ብር ነው። 11,000 ለማግኘት 15,600 የሚያወጣ ወተት ታጠጣዋለህ፤ 4,600 ብር ኪሳራ። ድርቆሹ፣ ፉርሽካውና የእረኛው ደሞዝ ገና አልተቆጠረም።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። 65 ብር የምትለው ሁሉንም ሊትር ነው? ኅዳር 15 የገና ጾም ይገባል። በጾም ወራት ተረካቢው «ዛሬ ግማሹን ብቻ» የሚልህ ከሆነ የተረፈው ወተት ዋጋው 65 ብር አይደለም። ቅቤ ታወጣለታለህ፣ ወይ ለጎረቤት ትሰጠዋለህ። ያንን ትርፍ ወተት እንቦሳው ቢጠጣው ሒሳቡ ይገለበጣል። በተለይ ሁዳዴ ላይ። 55 ቀን ሙሉ ወተት ፈላጊ የሚያጣበት ጊዜ ነው። ያኔ የተወለደ ወንድ ጥጃ ዕድለኛ ነው፤ ማንም የማይሻማውን ወተት ጠጥቶ ያድጋል። ታዲያ ላሞቼ ሁሉ ሁዳዴ ላይ ይውለዱ ብለህ እንዳታቅድ አደራ። ወተት በብዛት የሚፈሰው ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ነው፤ ያ ሁሉ ወተት ጾም ላይ ወድቆ ምን ልታደርገው ነው?

እንቦሶቹን ከመሸጥህ በፊት እናቶቹ ያለ ጥጃ ይታለቡ እንደሆነ እርግጠኛ ሁን። የአገራችን ላም ጥጃዋ ካልጠባት ወተቷን አትለቅም። ጥጃ ሲሞት ቆዳውን ጭድ ሞልተው አጠገቧ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ድቅሎችም የአገር ደማቸው ካመዘነ፣ ወይም ከመጀመሪያው ጥጃ እያስጠባህ ካስለመድካቸው፣ እንደዚያው ናቸው። ጥጃውን በ6,000 ሸጠህ የእናቱ ወተት ቢነጥፍ ምን አተረፍክ? ከተወለደ ጀምሮ በባልዲ ያጠጣኸው ከሆነ ግን ችግር የለም።

እንገሩን በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ጠጥቶ፣ እምብርቱ በአዮዲን ታክሞ፣ ሁለት ሳምንት የሞላው ጥጃ ቦታ መቀየር ይችላል። ግን ደብረ ብርሃን ናችሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቀልድ አይደለም። ነጋዴው «ሌሊት 11 ሰዓት እጭነዋለሁ» ካለህ እንቢ በለው። ፀሐይ ከወጣ በኋላ አስረክብ። በረትህ ውስጥም የሚተኙበት ደረቅ ገለባ ይኑራቸው፤ እርጥብ ወለል ላይ ያደረ ጥጃ ሳንባው ይታመማል።

ደላላህን በተመለከተ። ከብት በዓይን ሲገመት ሁልጊዜ የሚያተርፈው ዓይኑ የለመደው ነው፤ እሱም ደላላው ነው። ገበያ ከመውጣትህ በፊት ወይፈኑን ለካ። ከፊት እግሩ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ትለካለህ። ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ርዝመቱን ትለካለህ። የደረቱን ልክ በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ10,840 አካፍለው። ደረቱ 105፣ ርዝመቱ 90 ከሆነ 91 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል። ሚዛን አያክልም፤ ግን ደላላው «ይሄማ 70 ኪሎም አይሞላ» ሲልህ ዝም ብለህ ፈገግ ትላለህ። ሳይሸጥ ገበያ ውሎ የተመለሰ ከብት ካለ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ለይተህ እሰረው። አፍተግር የሚባለውን ተላላፊ የከብት በሽታ ይዞልህ ሊመጣ ይችላል።

ስለ ሦስቱ ትልልቅ ጊደሮች ትንሽ ልበል። እርጉዟን አትንካት። አምስት ወሯ ከሆነ የምትወልደው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። እንገሯ ሲያልቅ ጾም ይፈታል። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አስበህም አታገኘው። ሁለቱን አዳቅላቸው። ከሁለቱ አንዷን የምትሸጥ ከሆነ ሰባት ወር እርጉዝ ስትሆን ነው። ጊደር ዋጋዋ የሚያምረው ያኔ ነው፤ ገዢው ወተቱን በዓይኑ ያየዋል። በተረፈ ሴት የምትሸጥ ከሆነ ወይ ጡት እንደተወች ሽጥ፣ ወይ አርግዛ። መሀል ላይ ያለችው፣ ከስምንት ወር እስከ ዓመት ከሦስት ወር ያለችው፣ ቁመት ብቻ ናት። የበላችው በዝቶ መልኳ አያሳይም።

አባትህን አትቃወማቸው። እሳቸው ልክ ነበሩ። በሳቸው ጊዜ ግጦሹ የጋራ ነበር። ጊደር ወጥታ በልታ ትመለሳለች፤ የምታስወጣው የእረኛ ቁርስ ቢሆን ነው። እንዲያ ባለ ዘመን ጊደር የሚሸጥ ሰው ሞኝ ነው። ዛሬ አንተ እያንዳንዷን ጉርሻ በብር ትገዛለህ። ይሄን በክርክር አታስረዳቸውም። ክምሩ ሥር ወስደህ አብራችሁ ቁጠሩ። ከብት ያረባ ሽማግሌ ድርቆሽ አይቶ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ከኔ እርሳስ በላይ ያውቃል። ምናልባትም ከሦስቱ ጥጆች የቷ እንደምትሻል ሳይጠየቁ ይነግሩህ ይሆናል፤ ስማቸው።

እህትህ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። «ስንት ደረሱ?» የምትልህ ሌላ የምትጠይቀው ቁጥር ስለማታውቅ ነው። ከቨርጂኒያ ሆና የሚታያት ጭንቅላት ብቻ ነው። ሌላ ቁጥር ስጣት። በየወሩ መጨረሻ «በቀን ይሄን ያህል ሊትር፣ ለመኖ ይሄን ያህል ብር፣ የቀረ ድርቆሽ ይሄን ያህል እስር» ብለህ በቴሌግራም ላክላት። ከስድስቱ ጥጆች ሽያጭ የሚገኘው ብር የት እንደሚገባም ሳትጠይቅህ ንገራት። እኔ ብሆን ለድርቆሹ ቆርቆሮ ጣሪያ እሠራበታለሁ፤ የተረፈውን ለከርሞ ጥቅምት አስቀምጣለሁ፤ ድርቆሽ የሚረክሰው ያኔ ነውና። ደግሞ የትኞቹ ላሞች በሷ ገንዘብ እንደተገዙ በወረቀት አስቀምጡ። አሁን ስትዋደዱ። አንዷ ላም የሞተች ቀን «የማን ነበረች?» መባባል ይመጣል፤ አይቻለሁ።

ቡሬ ቀረ።

ከሁለቱ እንቦሶች የተሻለ ገዢ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ለደላላው አትስጠው። በአካባቢህ ጥጃ የሞተባት የአገር ላም ያለችው ሰው ይኖር እንደሆን አጠያይቅ፤ በዚህ ብርድ አንድ አይጠፋም። ላሟ ከተቀበለችው እሱ ጠብቶ ያድጋል፣ ባለቤቷም ወተቱን አያጣም። 5,000 ቢሰጥህም እሺ በል። ልጅህ ሽያጩን ከሰው ከምትሰማው ስታስረክብ ይዘሃት ሂድ። ገመዱን እሷ ትያዝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች እንድታየውም ከገዢው ጋር ተነጋገር። ለጥቂት ቀን ታኮርፍህ ይሆናል። ከሦስቱ ሴት ጥጆች አንዷን ስም እንድታወጣላት ስጣት፤ እሷ እንኳ አትሸጥም።